ሦስት ሰኮንድ ተኩል

ሃዝልደን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ውስጥ ሰው በሦስት ነገር ይጣላል፤ በእግር ኳስ፣ በአትክልት አጥርና በፒያኖ። ሁለቱ በየትም አገር ያሉ ናቸው። ሦስተኛውን ያመጣው የሙዚቃ ሸክላ ማኅበሩ ነው።

ማኅበሩ በየአስራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሜቶዲስት ጸሎት ቤቱ የጓሮ ክፍል ይሰበሰባል። አስራ አንድ አባላት አሉት፤ ሸክላ ያዳምጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይነታረካሉ። በዓመት አንዴ፣ ብርዱ ሰበር ሲል፣ የመጋረጃ ቀን የሚሉት አላቸው። በዚያ ቀን ጸሐፊዋ ከጦርነቱ ዘመን የተረፈውን ጥቁር መጋረጃ ዘርግታ፣ ከጀርባው ሆና የስድስት ብሪታንያውያን ፒያኒስቶችን ቅጂ ታጫውታለች። ስማቸውን አትናገርም። አባላቱ ተከራክረው ሲያበቁ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አዝራር ቁጥር በተጻፈባቸው የማርማላታ ጠርሙሶች ውስጥ ይጥላሉ። አዝራር የሆነው የማኅበሩ መሥራች ልብስ ሰፊ ስለነበር ነው። ብዙ አዝራር ያገኘው ፒያኒስት ስሙ ግድግዳው ላይ ካለው ሰሌዳ ይሰፍራል። «ከእገሌ የሚበልጥ የለም» ብሎ ምሎ፣ እገሌን ከመጋረጃ ጀርባ ሲሰማው ያላወቀው ደግሞ ስኒ ያጥባል። ይህ ቅጣት ሲፈጸም ማየት ብቻ የሚያመጣቸው ሁለት ሦስት አባላት እንዳሉ በከተማው የታወቀ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996፣ በመጋረጃ ቀን ጠዋት፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ሙሪየል ሆዋርዝ ቁርሷን ሳትነካ ተቀምጣ ነበር።

«ቶስትሽን ለወፎቹ ልስጠው ወይስ ትበዪዋለሽ?» አላት ባሏ ፍራንክ።

«ፍራንክ፣ ዛሬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ዛሬ እንደሆነ። ካገባሁሽ ጀምሮ 'ነገ እነግራቸዋለሁ' ስትዪ ሰምቼ ነው ያረጀሁት። ዛሬ ስትዪ ግን ገና አሁን መስማቴ ነው።»

ሙሪየል ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አምና ከሙዚቃ አስተማሪነት ጡረታ ወጥታለች። ልትነግራቸው የፈለገቻቸው ሴትዮ ሚስ ሂልዳ ክራብትሪ ናቸው፤ የሰማንያ አራት ዓመቷ የፒያኖ አስተማሪዋ። ሃዝልደን ውስጥ ጣቱን ቁልፍ ላይ ያሳረፈ ሁሉ ከሚስ ክራብትሪ ማስመሪያ አላመለጠም። ቅዳሜ ዕለት እቃቸውን ጠቅልለው ኮርንዎል ወዳለችው የእህታቸው ልጅ ሊሄዱ ነው። ቤታቸው ተሸጧል። የዛሬው ሐሙስ የመጨረሻቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1957 ጥቅምት ላይ፣ የለንደን ራዲዮ ሰዎች ያልታወቁ ተጫዋቾችን ቅጂ ተቀብለው እናዳምጣለን ብለው ነበር። ሚስ ክራብትሪ ያኔ አርባ አምስት ዓመታቸው ነው። ወጣትነታቸውን ግማሹን ጦርነቱ፣ ግማሹን የእናታቸው ሕመም ወስዶባቸዋል። ባለ ሬዲዮ ሱቁ ሚስተር ኤንትዊስል መቅረጫውን ተሸክሞ ጸሎት ቤት ገባ፤ ዘማሪዎቹ እስኪመጡ አንድ ሰዓት ብቻ ነበራቸው። ሲጫወቱ የኖታውን ገጽ እንድትገልጥላቸው የተመረጠችው የአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ሙሪየል ነበረች። ሚስ ክራብትሪ የዝግተኛው ሙዚቃ አራተኛ ገጽ ግርጌ ላይ ሲደርሱ ተነስታ መግለጥ ነበረባት። አልገለጠችም። ሚስ ክራብትሪ የመጨረሻዎቹን ድምፆች እንደያዙ ቆዩ። ሙሪየል እንደ ባነነ ሰው ደንግጣ ስትገልጥ ጊዜው አልፎ ነበር። ዘማሪዎቹ በር ላይ ደርሰዋል፤ መድገም አልተቻለም። ቅጂው እንደዚያው ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ ለንደኖች «እናዝናለን» ብለው መለሱ።

ሚስ ክራብትሪ ስለዚያች ገጽ ትንፍሽ አላሉም። ይልቅ በዓመቱ ለሙሪየል የማንችስተርን የሙዚቃ ኮሌጅ ደጅ ጠኑላት፣ ደብዳቤ ጻፉላት፣ የራሳቸውን ካፖርት ደርበው በባቡር ሸኟት። ሙሪየል ተማረች፣ አስተማረች፣ ሦስት መቶ የሚሆኑ ልጆች ከእጇ ወጡ። እንዲህ ያለ ውለታ የተዋለለት ሰው ያመሰግናል። እሷ ግን ለማመስገን መጀመሪያ ይቅርታ መጠየቅ ነበረባት፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ደግሞ ያቺን ገጽ ማንሳት። ስለዚህ ምስጋናው ከይቅርታው ኋላ ወረፋ ይዞ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ቆመ። እንግሊዝ አገር ወረፋ መያዝ ነውር አይደለም፤ ይኼኛው ግን በዛ።

እስከዚያው ታዲያ እንቁላል ታመላልስ ነበር። በየቅዳሜው ስድስት እንቁላል፣ በመኸር የጣሪያ አሸንዳ ጠረጋ፣ በዓመት ሁለቴ ወደ ጥርስ ሐኪም። ሚስ ክራብትሪ «እግዜር ይስጥሽ» ይላሉ፤ እሷ «ኧረ ምንም አይደል» ትላለች። እናም ምንም አይባልም።

ከዘንድሮው የመጋረጃ ቀን በፊት በነበረው ክረምት ሚስተር ኤንትዊስል አረፈ። ልጁ ሱቁን ስታጸዳ አንድ የቴፕ ጥቅል አግኝታ ለሙሪየል አመጣችላት። ካርቶኑ ላይ «ኤች. ክራብትሪ፣ ጥቅምት 57» ይላል። ሰውዬው ለለንደን ከላከው ሌላ አንድ ቅጂ ለራሱ አስቀርቶ ኖሯል። ሙሪየል ወደ ካሴት እንዲገለብጥላት በርንሊ ላለ አንድ ባለሙያ ሰጠችው። ባለሙያው ስልክ ደወለላት።

«እመቤት፣ መሐል ላይ ትንሽ ክፍተት አለ። ከፈለጉ ቆርጬ ላገናኘው? ማንም አያውቅም።»

ሙሪየል ቃሉን ለራሷ ደገመችው። ማንም አያውቅም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሆዷ ውስጥ የተቀመጠ ድንጋይ በአንድ ምላጭ ሊወጣላት ነው። እሺ ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

«አይ፣ ተወው» አለች በመጨረሻ። «እንዳለ ይሁን።»

ሐሳቧ ይህ ነበር። ካሴቱን ከስድስቱ ታላላቆች በአንዱ ቦታ ትተካዋለች። አባላቱ ተጫዋቹን ሳያውቁ ያደንቃሉ። ከዚያ ስሙን ትናገራለች፣ ይቅርታዋን ትጠይቃለች፣ ታመሰግናለች። እቅዱ አልጋ ላይ ተጋድማ ስታስበው ያምር ነበር። ጸሎት ቤቱ ደርሳ መጋረጃውን ስትሰቅል ግን ሁለቴ ገልብጣ ሰቀለችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍሉ ሞላ። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል፣ ማሞቂያው ይንኳኳል፣ ፓርኪን የሚሉት የዝንጅብልና የአጃ ኬክ ተቆርሶ ይዞራል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ የሚያወጣው ሻይ ነው። ገና ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ባለ ሉካንዳው ኖርማን ፒክልስ ጀመረ።

«መጋረጃም አያስፈልግ። በፒያኖ ከሰለሞን የሚበልጥ የለም፣ አለቀ። ሰውዬው የቤተሰብ ስም እንኳ አላሻውም። በአንድ ስም ዓለምን የዞረ ስንት ሰው አለ?»

«የኔም ድመት አንድ ስም ብቻ ነው ያላት» አለ ሲሪል ቡዝ። ሲሪል ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ማስታወሻ ደብተሩና የኪስ ሰዓቱ ከእጁ አይለዩም።

«ድመትህ ፒያኖ ትጫወታለች?»

«ካንተ የተሻለ። ስማ፣ ከርዘን ማለት የራሱን ቅጂ ሰምቶ 'አልወደድኩትም፣ እንዳይወጣ' የሚል ሰው ነበር። ትልቅ ማለት ራሱን የማይምር ነው።»

«አማቴም ራሷን አትምርም፤ ፒያኖ ግን አትነካም።»

«ኦግደንንስ የት ጣላችሁት?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። «ማንችስተር የተማረ የኛው ልጅ! ሞስኮ ድረስ ሄዶ አንደኝነቱን ከሩሲያው እኩል ተካፍሎ የመጣ!»

«ተካፍሎ» አለ ኖርማን። «ሰለሞን ምንም አይካፈልም።»

ሚስ ክራብትሪ ባርኔጣቸውን አላወለቁም፤ ክፍሉ ውስጥ ንፋስ አለ ይላሉ። ስኒያቸውን አስቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሁሉም እንደ ተማሪ ዞረ።

«ጦርነቱ ሲጀምር ለንደን ውስጥ አዳራሽ ሁሉ ተዘጋ። የሥዕል ቤቱም ሥዕሎቹን አሽሽቶ ግድግዳው ባዶውን ቀረ። ማይራ ሄስ እዚያ ባዶ ቤት ፒያኖ አስገብታ በምሳ ሰዓት ሰው ሰበሰበች። በአንድ ሽልንግ። ሁለቴ ሄጃለሁ፤ መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት። አጠገቤ አንድ ወታደር ጫማውን ፈትቶ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። እናንተ ስለ ጣት ታወራላችሁ።»

«ሚስ ክራብትሪ፣ እሱ ደግነት ነው እንጂ ፒያኖ አይደለም» አለ ኖርማን፣ በአክብሮት።

«ደግነት የሌለበት ፒያኖ እንጨት ነው። አስር ዓመት ሳይሞላህ ነግሬህ ነበር፤ አልሰማ ብለህ ነው ሉካንዳ የገባኸው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ኖርማንም አብሮ ሳቀ። ሙሪየል ሳቁ ጋብ ሳይል መጋረጃው ጀርባ ገባች።

ቁጥር አንድን አጫወተች። «ይኼ ማነው ደግሞ?» አለ ኖርማን። «ቅቤ ያልነካው ዳቦ። ተማሪ መሆን አለበት።» ቁጥር ሁለት ሲያልቅ ሚስ ክራብትሪ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተናገሩም። በሦስተኛው ላይ ትንሽ ተጯጯሁ። ሙሪየል አራተኛውን ካሴት አስገባች፤ ቁልፉን ከመጫኗ በፊት ሁለቴ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች።

መጀመሪያ የቆየ ቴፕ ሹክሹክታ መጣ። ከዚያ ፒያኖው። ሙሪየል በመጋረጃው ስንጥቅ የሚስ ክራብትሪን ፊት ታያለች። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ሌሎቹን ሲሰሙ እንደነበሩት ናቸው፣ እንደ ዳኛ። ሙዚቃው ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ቀኝ እጅ ይጠይቃል፣ ግራ እጅ አንገቱን ደፍቶ ይመልሳል። ሙሪየል እያንዳንዷን ድምፅ ታውቃታለች። ሦስተኛው ገጽ አለፈ። አራተኛው መጣ፤ ግርጌው ደረሰ፤ ድምፆቹ ተያዙ።

ጸጥ አለ። ከጸጥታው ውስጥ የተያዙት ድምፆች ብቻ እንደ ትንፋሽ ይሰማሉ። ሙሪየል ጥርሷን ነክሳ ቆመች። ያቺ ቅጽበት በሕይወቷ ውስጥ እንደዚህ ረዝማ አታውቅም። ከዚያ የወረቀት ኮሽታ፤ ሙዚቃው ቀጠለ፤ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ካሴቱ ሲያበቃ ስኒ ያነሳ አልነበረም።

«ሰለሞን!» አለ ኖርማን፤ ድምፁ ሰልሎ። «ሰለሞን ካልሆነ ሉካንዳዬን እዘጋለሁ። ያቺን ፋታ ሰማችኋት? ሌላ ሰው ቢሆን ይቸኩል ነበር። ትንሽ ሰው ዝምታ ይፈራል።»

«ሦስት ሰኮንድ ተኩል» አለ ሲሪል ሰዓቱን እያየ። «ለክቼዋለሁ። ይኼ ከርዘን ነው። እንዲያውም ይህችን ፋታ ማንችስተር በአካል ሰምቻታለሁ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች፤ ክንዴን ጨበጠችኝ።»

«ሚስትህ ክንድህን የምትጨብጠው ስታንኮራፋ ነው።»

«ፋታዋ ስሌት አላት፣ ኖርማን! ቀጥሎ ከሚመጣው ጋር ስትመዝናት ልክ ሁለት ጊዜ እጥፍ ነች። ዝም ብሎ የሚገኝ ነገር አይደለም።»

ተከራከሩ። አንዱ ፋታዋ ሐዘን ናት አለ፣ ሌላዋ ጸሎት ናት አለች፣ ሲሪል ደብተሩ ላይ መስመር አሰመረ። ሙሪየል ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅም ዕንባም አንድ ላይ መጣባት። እንዲህ በፍልስፍና የሚነታረኩበት የእሷ መዘግየት ነው።

«ገጽ ዘግይቶባት ነው» አሉ ሚስ ክራብትሪ።

ሁሉም ዞሩ።

«ኖታ ከፊቷ ነበር። ገላጩ ዘገየ። የወረቀቱን ኮሽታ አልሰማችሁም?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና...» ብሎ ጀመረ ኖርማን፤ ሲሪል ግን ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«ኖታ! ከርዘን እኮ ኖታ ከፊቱ ሳያስቀምጥ አይጫወትም ነበር! ሚስ ክራብትሪ ራሳቸው መሰከሩልኝ!»

ሚስ ክራብትሪ ወደ መጋረጃው ዞረው ተመለከቱ፤ ሙሪየል ስንጥቁን ለቃ ወደ ኋላ ሸሸች። አወቁ? አላወቁም? «እሷ» ነው ያሉት፤ ግን እሳቸው ጥሩ ተጫዋች ሲሰሙ ሁሌም ሄስን እያሰቡ «እሷ» ይላሉ። ሙሪየል የቀሩትን ሁለቱን እንዴት እንዳጫወተች አታስታውስም። በአምስተኛው ላይ ሲሪል «ይኼ ሰው አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው» ሲል ብቻ ሰምታለች።

አዝራሮቹ ተጣሉ። ሚስ ክራብትሪ ከዘራቸውን ተደግፈው ሄዱና ነጭ አዝራር ቁጥር ሁለት ውስጥ ጣሉ። ጸሐፊዋ ስለማትጥል አዝራሮቹ አስር ናቸው፤ ሲቆጠሩ ቁጥር አራት አምስት አዝራር አገኘ፣ ቁጥር ሁለት ሦስት አዝራር፤ የቀሩት ሁለቱ ተበተኑ። ኖርማንና ሲሪል ሁለቱም አራት ቁጥር ላይ ጥለው፣ እያንዳንዱ ድሉ የራሱ መስሎት ፈገግ ብሏል።

ሙሪየል ወረቀቷን ይዛ ወጣች።

«ቁጥር አንድ፣ ሰለሞን።»

«ምን?» አለ ኖርማን።

«አንድ ሰለሞን ነው።»

«ቅቤ ያልነካው ዳቦ» አለ ሲሪል ቃሉን እያጣጣመ።

«ሁለት፣ ማይራ ሄስ። ሦስት፣ ጆን ኦግደን። አምስት፣ ክሊፎርድ ከርዘን።»

«አውቶቡሱ ላይ ደረሰ ወይ፣ ሲሪል?» አለ ኖርማን። ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ስኒ አጣቢዎቹ ታውቀዋል።

«ስድስት፣ ሞራ ሊምፓኒ።»

«አራትስ?» አለች ከኋላ ያለችው ሴት። «አራትን ዘለልሽው እኮ።»

ሙሪየል ወረቀቱን አጠፈችው። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሆነ ታውቃለች፤ ቢሆንም ወጣ።

«ቁጥር አራት ሚስ ሂልዳ ክራብትሪ ናቸው። እዚሁ፣ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ፣ በ1957 የተቀረጸ። ፋታም አይደለም፣ ስሌትም አይደለም፣ ጸሎትም አይደለም። ገጽ ገላጭዋ እኔ ነበርኩ። ረሳሁት። ለንደኖች የመለሷቸው በኔ ምክንያት ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ይቅርታ ልጠይቅዎት ስል ኖርኩ፣ ሚስ ክራብትሪ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

የሳቀ የለም።

«ነይ እዚህ ተቀመጪ» አሉ ሚስ ክራብትሪ። ሙሪየል አጠገባቸው ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ገና ትምህርት እንዳልተለማመደ ተማሪ። «ለንደኖች የጻፉልኝን አንብበሽዋል?»

«አላነበብኩም።»

«እንዴት ታነቢዋለሽ፣ ምድጃ ውስጥ ነው የጨመርኩት። ስለ ገጽ አንዲት ቃል የለበትም። 'ግራ እጅዎ ዓይን አፋር ነው' ይላል። ልክ ናቸው። ዛሬም ሰማሁት፤ ዓይን አፋር ነው።»

«ግን እኔ ባልዘገይ...»

«ቆይ። አስተማሪ አይደለሽ? እስቲ መልሺልኝ። ድምፁ ያን ያህል ሳይቋረጥ የቆየው በምንድን ነው?»

ሙሪየል አሰበች። «በፔዳል፤ በእግር መርገጫው።»

«እህ። እግሬ ፔዳል ላይ ነበር። እጆቼስ?»

ሙሪየል ስንት ጊዜ ያቺን ቅጽበት ለብቻዋ ደጋግማ ስታያት ኖራለች፤ ወረቀቱን አይታለች፣ የራሷን የደረቀ እጅ አይታለች። የሳቸውን እጆች ግን አንድም ቀን አላየቻቸውም።

«ጭኔ ላይ ነበሩ» አሉ ሚስ ክራብትሪ። «ሁለቱም ሥራ ፈት። ገጹ ካፍንጫዬ አንድ ክንድ አይርቅም። ለራሴ ገጽ እየገለጥኩ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ብፈልግ በግማሽ ሰኮንድ እገልጠው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልገለጡትም?»

«ቀና ብዬ አየሁሽ። አፍሽ ተከፍቷል፣ ዓይንሽ ሞልቷል፣ የት እንዳለሽ አታውቂም። እኔ በዚህ ከተማ ሃያ ዓመት ስጫወት ሰው በትሕትና እስክጨርስ ይጠብቃል፣ ያጨበጭባል፣ ሻይ ደረሰ ወይ ይላል። ለሰው ሥራውን የሚያስረሳ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ያን ቀን ወጣ። ላነቃሽ አልፈለግሁም። ድምፁን ይዤ ቆየሁልሽ፤ በኋላ አንቺው ነቃሽ።»

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ ኖርማን። «ፋታ ነው! አላልኩም? አውቀው ነው የያዙት!»

«ኖርማን፣ ዝም በል።»

«ዝም ብያለሁ። ግን ብያለሁ።»

ሙሪየል ዕንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ መሐረቧ የት እንዳለ ጠፍቷታል። «ለምን አልነገሩኝም?»

«የምታውቂ መስሎኝ ነበር። ትልቁን ነገር የሰጠሽኝ አንቺ፤ የሰጠሽውን አታውቂም ብዬ በምን ልጠርጥር?» ካሉ በኋላ የሚስ ክራብትሪ ፊት ድንገት ተለወጠ። ሙሪየል እንደዚህ ሆነው አይታቸው አታውቅም፤ የሆነ ነገር የተወሰደባቸው መሰሉ። «ታዲያ ያ ሁሉ እንቁላል? አሸንዳው፣ የጥርስ ሐኪሙ? ቅጣትሽን ስትፈጽሚ ኖረሻል ማለት ነው? እኔ እኮ ወደሽኝ መስሎኝ።»

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት እምቢ ያለ አፍ በዚህ ጊዜ አላመነታም።

«በቅጣት ነው የጀመርኩት፣ አልዋሽዎትም። ግን ሚስ ክራብትሪ፣ ለቅጣት ሲሆን ሰው ያገኘውን ስድስት እንቁላል አንስቶ ይሄዳል። እርስዎ ቡናማ ቡናማውን እንደሚወዱ አውቄ በየሳምንቱ ከቅርጫቱ ሥር ስፈልግ፣ ባለ ሱቁ ሲቆጣኝ ነው የኖርኩት። ወድጄዎት ነው። አመሰግናለሁ። ለኮሌጁ፣ ለካፖርቱ፣ በማስመሪያ ለመቱኝም ጭምር። ሦስት መቶ ልጅ አስተምሬያለሁ፤ የሰጠኋቸው ሁሉ የእርስዎ ነው። ይህን ሳልነግርዎት ቢሄዱ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም።»

ሚስ ክራብትሪ የሙሪየልን እጅ አንስተው ጣቶቿን አንድ በአንድ አዩዋቸው፣ ትምህርት ሲጀምሩ እንደሚያደርጉት።

«የማመሰግነው እኔ ነኝ» አሉ። «ሄስ በሺህ የሚቆጠር ሰው ነበራት። እኔ አንድ ነበረኝ። በቃኝ።»

ሲሪል መነጽሩን አውልቆ ያለ ጥቅም ይወለውላል። ኖርማን ደግሞ ቀለሙንና ብሩሹን ይዞ ሰሌዳው አጠገብ ደርሷል።

«አንተ ሰው!» አሉ ሚስ ክራብትሪ። «ስሜን እዚያ ላይ ብትጽፍ ጣትህን ነው የምሰብረው። የታላላቆች ሰሌዳ ነው እሱ፤ የሃዝልደን አስተማሪ መቀለጃ አይደለም። አራት ቁጥር ይሰረዝ። ሁለተኛ የወጣችውን ጻፍ።»

«ሁለተኛ የወጣችው ሄስ ናት እኮ።»

«እንግዲህ እሷን ጻፋ።»

«ይኼን ሁሉ ያደረጉት ሄስን ለማስጻፍ ነው!» አለ ኖርማን፤ እየሳቀና ዓይኑን እየጠረገ ማይራ ሄስ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሁለቱ ባላንጣዎች ስኒዎቹን ሰብስበው፣ ማን ያጥብ ማን ያድርቅ እየተነታረኩ ወደ ጓዳ ገቡ። አባላቱ ካፖርታቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ሙሪየል ልትነሳ ስትል ሚስ ክራብትሪ እጇን አልለቀቁም።

«ያን ካሴት እንደገና አጫውቺልኝ» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አሁን ሰሙት አይደል?»

«እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም። ዛሬ ፋታዋ ጋ ሲደርስ እኔ መሆኔን አወቅሁና ልቤ ጥሎኝ ሄደ። ያን ቀን ደግሞ አንቺን ሳይ ነበር።»